ባለ 243 ጠመንጃዬ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ባለ 243 ጥይት ጠመንጃ ስገዛ አብረውኝ የሚያድኑት ሳቁብኝ። «ይሄ የጥንቸል ነው፣ ለአጋዘን አይሆንም» አሉ። እነሱ ዘንድ በቂ መሣሪያ ማለት ትከሻ የሚያበልዝ ነው። ከ30-06 (ከ243 የሚበልጥ፣ ኃይለኛ ጥይት) በታች የያዘ ሰው አዳኝ አይመስላቸውም።

እኔም 30-06 ይዤ ሁለት ወቅት ወጥቻለሁ። አንድ ቀን ዒላማ ላይ ጥይት ማጉረስ ረስቼ ቃታውን ሳብኩት። ጠመንጃው አልተኮሰም፤ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ድፍት አለ። ለካ ትከሻዬን የሚመታኝን ፈርቼ ቀድሜ የምደፋው እኔ ነኝ!

243 አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 308 የሚባለውን ጥይት ቀለህ አንገቱን አጥብበው 6.2 ሚሊ ሜትር እርሳስ ከተቱበት። እኔ የምተኩሰው 100 ግሬን የሚመዝነውን እርሳስ ነው፤ 6.5 ግራም ይሆናል። 55 እና 58 ግሬኖቹ ለቀበሮና ለመሰል ትንንሽ አውሬ የተሠሩ ናቸው፣ ገና ሳንባ ሳይደርሱ ሊበታተኑ ይችላሉ። «243 አይገድልም» የሚለው ወሬ ግማሹ ከነሱ የመጣ ይመስለኛል።

እስካሁን አራት አጋዘን ጣልኩ። ሦስቱ ከፊት እግራቸው ጀርባ ሳንባቸውን ተመትተው ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልሄዱም። አራተኛው ላይ ግን ከ170 ሜትር ተኩሼ ምቱ ወደ ሆዱ ሄደብኝ። እርሳሱ ሳይወጣ ውስጥ ቀረ። ቅጠል ላይ የሚስማር ራስ የምታክል አንድ ጠብታ ደም አየሁ። ከዚያ አሥር እርምጃ ምንም የለም። ሁለት ሰዓት በጉልበቴ እየዳኽኩ ፈልጌ አገኘሁት። ሆዱን የተመታ በትልቁም ቢሆን ቶሎ አይወድቅም። ግን እርሳሱ በስቶ ቢወጣ ደሙ ይመራኝ ነበር። እዚህ ላይ የሳቁብኝ ሰዎች ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከ120 ሜትር በላይ አልተኩስም።

ሌላው ጣጣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ማሰሪያ ነው። ብሎኑ ሁለቴ ላላ። የነቃሁት ዒላማውን አራት ጣት ወደ ግራ ስመታ ነው። አሁን መፍቻ ከኪሴ አይጠፋም። የጠመንጃው ክብደት ሦስት ኪሎ ገደማ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይዤው ብዞር አያደክመኝም።

30-06ቱን አልሸጥኩትም፣ ለከባድ አውሬ ይሆናል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከሳቂዎቹ አንዱ ዒላማ ላይ ተቀብሎኝ በ243ቱ አምስት ጥይት ተኮሰ። ሲመልስልኝ ምንም አላለም። ትከሻውንም አላሻሸም።