የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያና ደረቅ ወደብ ጎረቤቶች፦ አቤቱታ ወይስ የካሳ ክስ?

ድምፅ፣ አቧራና የከባድ መኪና ጭስ ላስመረረው ነዋሪ ሁለት የሕግ መንገድ አለ።

አንደኛው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ይላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ነገ ተመለስ» ሲባል 60ው ቀን ያልቃል። ስለዚህ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በቀሪው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ጩኸቱ ወይም አቧራው የሚበረታበትን ቀንና ሰዓት በየዕለቱ መዝግቡ። የመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ስለሆነ ልኬት እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር የካሳ ክስ ነው። ለሕክምና ወጪና ለተሰነጠቀ ግድግዳ ገንዘብ የሚጠየቀው በዚህ ነው። ግን በክሱ ጥቅም እንዳላችሁ ማሳየት ግድ ነው፤ የዳኝነት ክፍያ አለው፤ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ካለፈ በይርጋ ይቀራል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143)። ከሁሉ የሚከብደው የታመመው ሰው ሳል ከወደቡ አቧራ መምጣቱን ማስረዳት ነው።

ለሰፈር ሰው በጋራ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። የሐኪም ማስረጃ በእጁ ያለው ግን ሁለት ዓመቱን እየቆጠረ ካሳውንም ይጠይቅ።