ሁላችንም 87 አግኝተናል

ሰርተፍኬት ከሰጠኝ ኮሌጅ ግቢ ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ከገደፍኩ ይቅርታ።

ታውቋቸዋላችሁ። ባነራቸው ላይ ጋዋን የለበሱ ሰዎች የሚስቁበት፣ "በአውሮፓ ተቀባይነት ያለው ማይክሮ ክሬደንሻል፣ ዛሬ ለተመዘገበ ቅናሽ አለ" የሚሉት። ማይክሮ ክሬደንሻል ያው የአጭር ሥልጠና ሰርተፍኬት ነው። እኔም ዳታ አናሊቲክስ ልማር ብዬ 14,000 ብር ከፈልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለስምንት ቅዳሜ።

መሥሪያ ቤቴ የእድገት ማስታወቂያ ሲያወጣ ሰርተፍኬቴን ይዤ የሰው ሀብት ገባሁ። ሰውየው ኪው አር ኮዱን ስካን ቢያደርገው የኮሌጁ ቴሌግራም ቻናል ተከፈተ። የምርቃት ፎቶ። ኬክ የምቆርሰው እኔው ነኝ። "ውጤትሽን አጽፈሽ አምጪ" አለኝ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

ሄድኩ። ሬጅስትራር ላይ ያለችው ልጅ ማስቲካዋን እያኘከች "87" አለችኝ። የምን 87? ፈተና የሚባል አልተፈተንኩም። የመጨረሻ ፕሮጀክቴን ለአስተማሪው በቴሌግራም ልኬለት እስከዛሬ አንድ ራይት ነው። አንገቴን አስግጌ ኮምፒውተሩን አየሁ። ኤክሴል። ስሜ ፊት 87። ከላዬ ያለችው 87። ከታች እስከ መጨረሻው 87። ሁለት ቅዳሜ መጥቶ የቀረው ልጅ እንኳ 87! "ይሄ ልጅ እኮ አቋርጧል" ስላት "ከፍሏል አይደል?" አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ። ቀጥላ፣ "እህቴ፣ ወረቀቱን አንብቢው። 'ተሳትፋለች' ነው የሚለው። ችላለች ያለሽ ማነው?"

እውነትም "ተሳትፋለች" ይላል። ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ስሰቅለው አላነበብኩትም። ከስሩ ደግሞ "3 ኢሲቲኤስ" የሚል አለ፣ የአውሮፓ ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይፈልጋል፤ ሦስቱ ቢያንስ 75። እኔ የተቀመጥኩት 16 ሰዓት ነው፣ መብራት የጠፋበትን ጨምሮ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ደግሞ!

ግድግዳቸው ላይ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ማህተም አይቼ ልቤ አርፎ ነበር። ዛሬ ጠጋ ብዬ ሳነበው የአካውንቲንግ ዲግሪ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ለብቻው እንደሚሰጥ እያወቅኩ።

ያ የሚምሉበት አውሮፓ እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ዘርዝሯል፦ ተማሪው ምን እንደቻለ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት፣ በምን እንደተመዘነ፣ ጥራቱ በምን እንደተረጋገጠ። የኔ ላይ ወርቃማ ሪባን አለ።

በጣም የሚያበግነኝ፣ ታናሽ ወንድሜ "ዳታ ሳይንስ አምስት ሚሊዮን ኮደርስ ላይ በነፃ አለልሽ" ብሎኝ ነበር። "የነፃ ነገር ማን ያከብረዋል" አልኩት።

ገንዘቤን ስጠይቅ ማናጀሩ ፊልድ ወጥቷል ተባልኩ።

ልትመዘገቡ ከሆነ መጀመሪያ ካለፈው ዙር ተማሪ ሰርተፍኬት ለምናችሁ ኮዱን ስካን አድርጉ። ኬክ ከመጣ ተመለሱ። የእድገቱ ማመልከቻ አርብ ይዘጋል።