የአጥንት ዕድሜ ራጅ፦ ለቁመት ጉዳይ አሪፍ ነው፣ ልደት ቀን ግን አይነግርም

ልጄ 11 ዓመቱ ነው ግን ከክፍሉ ልጆች ጋር ሲቆም ታናሻቸው ነው የሚመስለው፣ እና ሐኪሟ የአጥንት ዕድሜው (አጥንቱ የስንት ዓመት ልጅ አጥንት እንደሚመስል) ይታይ ብላ ራጅ አዘዘችለት። እኔ መላ ሰውነቱን የሚያነሱት መስሎኝ ጨረሩን ፈርቼ ነበር ለካ ግራ እጁን ብቻ ነው፣ መዳፍህን አስቀምጥ ጣትህን ዘርጋ ተባለ አለቀ፣ ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው። ለአነሳሱ 5 ኮከብ፣ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ደስ ያለኝ ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ ስታሳየን ነው። የእጅ አንጓችን ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ፣ ስንወለድ ገና ለስላሳ ስለሆኑ ራጅ ላይ አይታዩም ከዛ በየተራ ብቅ ይላሉ። ጣቶቹ ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር አለ፣ ግሮውዝ ፕሌት የሚሉት፣ እሱ ካልተዘጋ ልጁ ገና ይረዝማል ማለት ነው። የኔው ክፍት ነው ተመስገን!

ሪፖርቱ ላይ ግን ተናደድኩ። "የአጥንት ዕድሜ 9 ዓመት" ብሎ ዝም። በምን ዘዴ? ስንት ወር ወዲህ ወዲያ? ምንም የለም። ብዙ ቦታ የሚሰራው ራጁን አትላስ (የልጆች እጅ ራጅ በየዕድሜው የተደረደረበት መጽሐፍ) ላይ ካሉ ምስሎች ጋር እያስተያዩ ነው፣ ሁለተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ፣ ምስሎቹም ከዛ በፊት የተነሱ የአሜሪካ ልጆች ናቸው። እንደገና ሁለት ሐኪም ያንኑ ራጅ አይቶ በወራት ሊለያይ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጤነኛ ልጅም እስከ 2 ዓመት ገደማ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፣ ይሄንን ሐኪሟ ባትነግረኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም ነበር። አባቱም ዘግይቶ ነው የረዘመው፣ ስለዚህ ጠብቁ አለችን።

በዚህ ራጅ የሰው ትክክለኛ ዕድሜ ይታወቃል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አይታወቅም። ፊፋ እንኳን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾቹን አንጓ በኤምአርአይ ሲያይ (እሱ በማግኔት ነው የሚያነሳው፣ ጨረር የለውም) የሚፈልገው መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ወይ የሚለውን ነው፣ ከተዘጋ ከ17 ማለፉ አይቀርም ይባላል፣ ካልተዘጋ ግን ዕድሜው ስንት እንደሆነ አይናገርም።

ለሪፖርቱ 2 ኮከብ። ከዓመት በኋላ ስንመለስ የዘዴው ስምና የስህተቱ መጠን እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ፣ የድሮውን ራጅም ይዤ ነው የምሄደው፣ አንድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ካላየው ቁጥሩ ብቻውን ምን ያደርግልኛል።