«እህትህን አደራ» ወይስ ትረስት?

አሜሪካ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያወላውለው በሁለት መንገድ መሃል ነው። አንዱ የኛው ነው፦ ሁሉንም ለወንድሟ አውርሶ «እህትህን አደራ» ማለት። ሌላው «ስፔሻል ኒድስ ትረስት» ነው፦ ገንዘቡ በስሟ ሳይሆን ለእሷ ጥቅም በባለአደራ እጅ የሚቀመጥበት ሕጋዊ ውል። (በቀጥታ ለእሷ ማውረስማ አይታሰብ። ኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢና ሀብታቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠው ወርሃዊ ድጎማ) የምታገኝ ከሆነ ባንኳ ውስጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ሲገኝ ክፍያው ይቆማል።)

አደራው ወጪ የለውም። ችግሩ፣ በሕግ ፊት ገንዘቡ የወንድሟ ነው። ቢፋታ፣ ዕዳ ቢገባ ወይም ቀድሟት ቢሞት ለሚስቱ፣ ለአበዳሪው ወይም ለልጆቹ ሊሄድ ይችላል። የልጁ ጨዋነት ይህን አያስቀርም።

ትረስት ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን እንደ እሷም እንደ ወንድሟም ሀብት አይቆጠርም። ባለአደራው ለጥርስ ሐኪም፣ ለኮምፒውተር፣ ለጉዞ በቀጥታ ለሻጩ ይከፍላል። ጥሬ ብር ከሰጣት ከኤስኤስአይ ይቀነሳል፤ የቤት ኪራይ ቢከፍልላትም በከፊል ይቀነሳል። ወላጆች በራሳቸው ገንዘብ ካቋቋሙት፣ እሷ ስታርፍ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ላወጣላት የሕክምና ወጪ ከተረፈው አይጠይቅም። የራሷ ገንዘብ፣ ለምሳሌ የጉዳት ካሳ፣ የሚገባበት ትረስት ሌላ ነው፤ እዚያ ሜዲኬይድ ቀድሞ ይወስዳል።

የጠበቃ ወጪ አለው፣ የታክስ ወረቀቱም ያሰለቻል። እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ወንድሟንም እዚያው ባለአደራ አድርጎ መሾም ይቻላል፤ ብቻ የተተኪው ስም አይረሳ።