የተካፋይነት ሕጎች ቻርት፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ መርካቶ አካባቢ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሚገኘው ይህ በፕላስቲክ የተለበጠ ቻርት ከ2 እስከ 11 ላሉት ቁጥሮች የተካፋይነት ሕጎችን (አንድ ቁጥር ያለቀሪ መካፈሉን ሳያካፍሉ ማወቂያ መንገዶችን) በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዟል። ተፈታኝ ልጅ ያለበት ቤት ቢገዛው ደስ ይለናል፤ ግን ሁለት ቦታ ሳይታረም ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ።

ከሁሉም የተዋጣለት የ3 እና የ9 መስመር ነው። አሃዞቹ ተደምረው ድምሩ ለ9 ያለቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል ይልና ምክንያቱን ይነግራል፦ 10፣ 100፣ 1,000 ለ9 ሲካፈሉ ሁሌም 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ከየአሃዙ የሚተርፈው አሃዙ ራሱ ነው። ይህ የገባው ልጅ ሕጉ ቢጠፋው እንኳ መልሶ ያገኘዋል። የ4 (የመጨረሻ ሁለት አሃዝ) እና የ8 (የመጨረሻ ሦስት አሃዝ) መስመሮችም ትክክል ናቸው።

የተበላሸው የ11 ነው። «አሃዞቹን እያፈራረቃችሁ ደምሩ፣ ቀንሱ፤ ውጤቱ 0 ከሆነ ይካፈላል» ብሎ ያቆማል። 209ን ሞክሩት፦ 2 − 0 + 9 = 11። በቻርቱ አባባል 209 ለ11 አይካፈልም፤ ነገር ግን 11 × 19 = 209 ነው። «0 ወይም የ11 ብዜት» መባል ነበረበት።

ሁለተኛው ስህተት 6 ሥር ያለው ማስታወሻ ነው። ለ2ም ለ3ም የሚካፈል ለ6 ይካፈላል፤ ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን «ለ4ም ለ6ም የሚካፈል ለ24 ይካፈላል» ይላል። 12 ለሁለቱም ይካፈላል፣ ለ24 ግን አይካፈልም። 4 እና 6 ሁለቱም በውስጣቸው 2 ስላለ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ለ24 የሚያስፈልጉት 3 እና 8 ናቸው፤ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና። በዚሁ መንገድ 17,460 ኪሎ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ልክ ይወጣ እንደሆነ ለማወቅ 3፣ 4 እና 5ን ማየት ይበቃል፦ የአሃዞቹ ድምር 18፣ መጨረሻው 60፣ የመጨረሻው አሃዝ 0። ልክ 291 ጆንያ።

የ7 ሕግ (የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ ከፊቱ ካሉት አሃዞች ቁጥር መቀነስ) ለሦስት አሃዝ ቁጥር ይመቻል። ለረጅም ቁጥር ግን አንድ አንድ አሃዝ ብቻ ስለሚያሳጥር ከማካፈሉ እምብዛም አይፈጥንም።

ማረሚያው በቋሚ ማርከር ይሁን፤ እስክሪብቶ በፕላስቲኩ ላይ አይጽፍም።