ናታንሰን ቤት ወይስ ዮሃንሰን ቤት?

የማወዳድራቸው ሁለት የቤተሰብ ሥዕሎች ናቸው። ሁለቱም የዴንማርክ ናቸው፣ በሁለቱም ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍራሉ። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል።

ሠዓሊው ኤከርስበርግ በ1818 (በአውሮፓውያኑ) የሣለው የነጋዴውን የሜንደል ሌቪን ናታንሰንን ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት ንግሥቲቱ ዘንድ ቀርበው ሲመለሱ ልጆቹ ይቀበሏቸዋል። የሁሉም ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው ለዴንማርክ አይሁዶች መብት የታገለ ስለነበር ሥዕሉ «እኛም የዚህ አገር ጨዋዎች ነን» የሚል ይመስለኛል። ያምራል፤ ግን ልጆቹ ሳይቀሩ «ለፎቶ ተዘጋጁ» የተባሉ ነው የሚመስሉት።

የቪጎ ዮሃንሰን «መልካም ገና» (1891) ግን ሌላ ነው። ሚስቱ ማርታና ልጆቹ የገናውን ዛፍ ከበው ይዞራሉ፣ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ ከዛፉ ሻማዎች ብቻ ስለሚመጣ ከፊት ያሉት ጀርባቸውን ሰጥተውን እንደ ጥላ ሲቆሙ ከዛፉ ማዶ ያሉት ፊታቸው ቦግ ብሏል። የገዛ ቤተሰብን ከጀርባ መሣል! ናታንሰን ከፍሎ ያሣለ ሰው ነውና ይህን ቢያመጡለት ገንዘቤን መልሱ ይል ነበር።

ማን ምን እንደለበሰ ለማየት ኤከርስበርግ ይሻላል። ሞቅ ያለ ቤት ለሚፈልግ ግን ዮሃንሰን፣ ያለ ክርክር። ኮፐንሃገን የሄደ ሰው ሁለቱንም ማየት ይችላል፤ ሙዚየሞቹ ጎረቤት ናቸው።