ለብቻው የቆመ ጋራዥ ለማሞቅ ባለ 240 ቮልቱ ሂተር ያዋጣል ወይ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ጋራዣችሁ ከቤት ተነጥሎ የቆመ ከሆነ፣ የምትገቡበትም ቅዳሜና እሁድ ለጥቂት ሰዓት ከሆነ፣ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ 240 ቮልት፣ 5000 ዋት የኤሌክትሪክ ሂተር ያዋጣል። ግን ገንዘብ የሚበላው ሂተሩ አይደለም፣ ገመዱ ነው። እሱን ቆይቼ አወራዋለሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ያሉትን የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖልን የድሮ ቤቶች የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋራዡ ጓሮውን አልፎ ከኋላ መንገድ ላይ ነው። ግድግዳው ባዶ እንጨት፣ ወለሉ ኮንክሪት፣ ከመኪናው በር ስር ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት። የእኛ ሰው ደግሞ ጋራዥን ለመኪና ብቻ አይጠቀምበትም፤ ቤቱ ቁሌት ቁሌት እንዳይሸት ወጡ የሚሠራው፣ እንጀራውም የሚጋገረው እዚያ ነው። እኛም ጋ ምጣዱ ከመፍቻዎቹ ጎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያው ኖርዌጂያኖቹ ለፍሰ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት፣ እኛ ሐበሾች የወረስነው ክብ ግሪል። ሰመር ላይ ችግር የለም። ጥር ላይ ግን ውጭው ከዜሮ በታች 10 ፋራናይት ሲገባ (በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 23 መሆኑ ነው) ዘይት ልቀይር ብሎ መኪና ስር የገባ ሰው ጣቱ መፍቻ አልይዝ ይለዋል፣ የምትጋግረዋም ካፖርት ለብሳ ነው የምትጋግረው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ትንሿን ተሰኪ፣ ባለ 1500 ዋቷን ነው። እሷ ለመኝታ ቤት ናት። 1 ዋት በሰዓት 3.4 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ 30 ዶላርም ግዟት 130፣ ከ5100 ቢቲዩ ብዙም አታልፍም። ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን። ደግሞ የድሮ ጋራዥ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ የ120 ቮልት መስመር ነው፣ 15 ወይ 20 አምፒር። ምጣዱ ራሱ ከ1000 ዋት በላይ ስለሚስብ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚያ በረዶውን ረግጦ ቤት ድረስ ሄዶ ብሬከር መመለስ፤ እስከዚያ ምጣዱ ቀዝቅዞ እንጀራው ዓይን አላወጣም። ከቤት በኤክስቴንሽን ልጎትት የሚል ካለ ደግሞ ይተወው። ገመዱ ይግላል፣ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ፕሮፔንስ፣ በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ? ለመጀመር ርካሹ እሱ ነው። ዛሬ ገዝታችሁ ዛሬ ትሞቃላችሁ። ሚስተር ሂተር የሚባለው ኩባንያ «በዲ» ብሎ የሚሸጣት 4000 እና 9000 ቢቲዩ ላይ ትሠራለች፣ ኦክስጅን ሲያንስም ራሷን ታጠፋለች። መብራት ጭራሽ ለሌለው ጋራዥ እኔም እሷን ነው የምመክረው። ግን የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ለሐበሻ አይነገረውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ያው ነው፣ አይሸትም፣ አይታይም። መመርመሪያ መስቀል፣ በርም ገርበብ ማድረግ ግድ ነው፤ በር ከፍቶ ማሞቅ ደግሞ ግማሹን ለሰፈሩ መለገስ ነው። ሰው የማያስበው ሌላው ነገር ውሃው ነው። 1 ፓውንድ ፕሮፔን ሲነድ ከ1.6 ፓውንድ በላይ ውሃ በተን መልክ ይወጣዋል። የምጣዱ እንፋሎት ሲጨመርበት መስኮቱ ያልበዋል፣ ጣሪያውን ዘልቀው ወደ ውስጥ የወጡት የሚስማር ጫፎች ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል፣ መፍቻዎቹ ዝገት ይጀምራቸዋል። ያ እንደ ጀት የሚጮኸው የኬሮሲን ቶርፒዶ ሂተርማ ምግብ በሚሠራበት ቤት ውስጥ ምንም ጉዳይ የለውም።

ሚኒ ስፕሊትስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችለው ኤሲ? እውነቱን ለመናገር በአሠራሩ የሚስተካከለው የለም። ከሚስበው መብራት ሁለትና ሦስት እጥፍ ሙቀት ይሰጣል (ብርዱ ሲብስ ይቀንሳል)፣ ሰመር ላይም ያቀዘቅዛል። ግን ከነማስገጠሚያው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ጋራዡ ውስጥ በየቀኑ የምትሠሩ ከሆነ ግዙት፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሚገባ ግን መቼ ነው የሚመለሰው? የተፈጥሮ ጋዙም ቢሆን ቧንቧ መቅበርና ጭስ ማውጫ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ባለ 240ው። ሂተሩ ራሱ ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል፣ ብዙዎቹም ያለ ገመድ ነው የሚመጡት። 5000 ዋት በ240 ቮልት 21 አምፒር ገደማ ይስባል። ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ 25 በመቶ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ የ30 አምፒር ብሬከርና ባለ 10 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) የመዳብ ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። ጋራዡ ውስጥ ቀድሞ 240 ካለ ተገላገላችሁ። ከሌለ መሬት ይቆፈራል፤ በፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ 18 ኢንች፣ ገመዱ እንዲሁ የሚቀበር ከሆነ 24 ኢንች። ወጪው ከሂተሩ ብዙ እጥፍ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መሬቱ በረዶ ሳይሆን፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አስቆፍሩ። ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፣ በነፃ መጥተው መስመሮቹን ምልክት ያደርጉላችኋል። ፈቃድም አውጡ። «የማውቀው ልጅ አለ፣ በርካሽ ይሠራልሃል» የሚባለውን እዚህ ላይ አልሰማም፤ እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ልጁን አይደለም።

ከሂተሩ በፊት ግን ክፍተቱን ድፈኑ። የበሩ ስር ጎማ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ከዚያ ግድግዳው፤ በባለ 2 በ4 ኢንች እንጨቶቹ መሃል አር-13 የሚባለው ብርድ መከላከያ ይገባል። ፎም ቦርድ የምትጠቀሙ በሺትሮክ (በጂፕሰም ቦርድ) ሸፍኑት፣ ይነዳል። ግድግዳው ባዶ እያለ 5000 ዋት ካፖርት አያስወልቅም። ከተሸፈነ በኋላ ግን ውጭው 10 ፋራናይት ሆኖ ውስጡ 55 ይደርሳል፣ ሹራብ በቂ ነው። ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ቡናው ሲቆላ ብታበሩት በረካው ሲቀዳ ጋራዡ ደርሷል። ወለሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ ጣል አድርጉ፣ አየሩን እንጂ ኮንክሪቱን ቶሎ አያሞቀውም። በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም የሚከፍል ሰው፣ ሳያቋርጥ ቢሠራ በሰዓት 75 ሳንቲም ይመጣበታል። ሊጥ ይቡካልኝ ብላችሁ ሌሊቱን እንዳታሳድሩት፤ ሊጡን ቤት አስገቡት። የቤንዚን ጀሪካንም አጠገቡ አይቀመጥ።

ፋኑ ይጮሃል፣ ስልክ ለማውራት አይመችም። መጀመሪያ ሲበራ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ ያ ይለቃል። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የነፈግኩት በማዞሪያው ምክንያት ነው፤ ቁጥር የሚባል የለውም፣ «ዝቅ» እና «ከፍ» ብቻ። ርካሽ ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እሱን እያየሁ ነው የማዞረው።